ሽንኩርት የጠጣው ጠበል

ማስተዋል ልጇን ሉሊትን ደግፋ ማለዳ ጠበሉ ዘንድ ስትደርስ ጉድጓዱ ውስጥ ጭቃ ብቻ ነበር። ከወረታ ወረድ ብሎ፣ በሩዝ ማሳዎች መካከል ጉብ ባለች መሬት ላይ ያለው ይህ ጊዮርጊስ ስመ ጥሩ ነው፤ ሕመም የጠናበት ሁሉ ደጁን ይጠናል። ሉሊትም የሚጥል በሽታ ይዟት ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ስትጠመቅበት፣ እንቅልፏ ተመልሶ እህል መቅመስ ጀምራ ነበር።

ከጉድጓዱ የወጣ ወፍራም የውኃ ጎማ በቅጥሩ ሥር ሾልኮ ወደ ሜዳው ይሄዳል። ማስተዋል ተከተለችው። መጨረሻው የአቶ ደሳለው የሽንኩርት ማሳ ነው። የውኃው ሞተር እየተንደቀደቀ ጠበሉን ቦይ ለቦይ ይለቀዋል።

ደሳለው የሰበካ ጉባኤው ሊቀመንበር ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ ያለበሰ እሱ፣ መጋረጃውን ያመጣ እሱ። እሱ ካለ ማን ይናገራል?

ወደ ቄስ አያልነህ ሄደች።

«አባ፣ አቶ ደሳለው ጠበላችንን ለሽንኩርት እያጠጡት ነው!»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ዝናብ እስኪመጣ ብሎ ለምኖኝ ነው። በጸሎት እንያዘው።»

«እርስዎ ፈቅደው ነው?»

ቄሱ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

ማስተዋል ደሟ ፈላ። ልጇን ቤት አስገብታ፣ የሩዝ ማጭዷን ይዛ ተመለሰችና ጎማውን ለሁለት በጠሰችው። ሞተሩ ባዶውን ሲጮህ ደሳለው እየሮጠ መጣ።

«አብደሻል? የማንን ንብረት እንደቆረጥሽ ታውቂያለሽ?»

«እርስዎስ የማንን ውኃ እንደወሰዱ ያውቃሉ?» አለችው።

የዚያን ዕለት ሉሊት ምድጃው አጠገብ ወደቀች። ምላሷን ነክሳ አፏ ደም ሞላ። እናቷ ደሙን ስትጠርግ አላለቀሰችም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ። የተጠራችው ማስተዋል ናት፤ ከሳሹ ደሳለው። አፈ ጉባኤው አቶ ይርዳው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ልጄ፣ የተከበረ ሰው አዋርደሻል። ድንጋይ ተሸክመሽ ይቅር በለኝ በይው፤ ነገሩ ይብረድ» አሉ።

ማስተዋል ብድግ ብላ ከዋርካው ሥር ድንጋይ አነሳች። ሰው ሁሉ እፎይ አለ። እሷ ግን አንገቷ ላይ አላደረገችውም። ደሳለው ፊት ሄዳ እግሩ ሥር ጣለችው።

«ተሸከም!» አለችው። እስከዚያች ሰዓት አንቱ እንጂ አንተ ብላው አታውቅም። «መጀመሪያ ጊዮርጊስን ይቅር በለኝ በለው። ከዚያ እቤቴ ና፣ ምላሷ የቆሰለውን ልጅ ለምናት። ቆርቆሮ ያለበስኸው ቤት የአንተ መሰለህ?»

ደሳለው ሳቅ አለና ሽማግሌዎቹን አየ። አብሮት የሳቀ አልነበረም።

«ዝም ትሏታላችሁ እንዴ?» አላቸው ይርዳውን፣ «በናንተ ፊት ስትሰድበኝ!»

ከሴቶቹ ወገን አሮጊቷ ጸሐይነሽ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሱ። «ምን ዋሸች? ሁላችንም ጎማውን እያየን ነው ያለፍነው» አሉ። ሌሎቹም ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው እየተነሱ ከማስተዋል ጎን ቆሙ። ድንጋዩን ያነሳው የለም። እርቁም ሳይወርድ ጉባኤው ተበተነ።

በማግስቱ ሞተሩ ወደ ጉማራ ወንዝ ተወሰደ። ጥፋቱን ያመነ ግን አልተገኘም፤ «ለሰላም ሲል ተወላት» ነው የተባለው። የተሟጠጠው ጠበል ጠብ ጠብ እያለ ለመጠጥ እንጂ ለመጠመቂያ አልደርስ አለ። ማስተዋል ሉሊትን በባጃጅ ወረታ ሐኪም ቤት ወስዳ ክኒን አስጀመረቻት፤ ከጠበሉም ጠዋት ጠዋት በጣሳ ታጠጣት ጀመር። መውደቁ እየራቀ ሄደ።

ሚያዝያ ሃያ ሦስት የጊዮርጊስ ንግሥ ደረሰ። ታቦቱ ሲወጣ ማስተዋል ጉሮሮዋ እስኪነቃ እልል አለች። ታቦቱ ገብቶ ሕዝቡ እንደተቀመጠ ቄስ አያልነህ ድምፅ ማጉያውን ያዙ። «ለደብራችን ለደከሙልን ለአቶ ደሳለው እልል በሉላቸው!» አሉ።

ማስተዋል ነጠላዋን አራግፋ ተነሳች። «ነይ፣ ሉሊት» አለችና፣ ተቀማጩን ሰው እየሰነጠቀች፣ በቄሱ ፊት አልፋ ወጣች።