ተከታይ ጥያቄ

ሰፈሩ «ጠያቂው» ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት። ምክር ቤት ከመግባቱ በፊትም ጥያቄ ነፍሱ ነበር፤ ሰርግ ተጠርቶ «ይሄ ድንኳን ዝናብ ቢመጣ ይችላል?» እያለ የሙሽራውን አባት ላብ በላብ ያደረገ ሰው ነው። ተመርጦ የገባ ዕለት ሚስቱ «እፎይ! ከእንግዲህስ የሚጠየቁት ደሞዝ የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው» ብላ ተገላገለች።

በዚያ ምክር ቤት አሠራር፣ አንድ አባል ለሚኒስትር የሚያቀርበውን ጥያቄ ቀደም ብሎ በጽሑፍ ያስገባል። ሚኒስትሩ መልሱን አዘጋጅቶ ይመጣና ያነባል። ከዚያ በኋላ ለጠያቂው አንዲት ተከታይ ጥያቄ ትፈቀድለታለች፤ እሷን ማንም ቀድሞ አያውቃትም። ሚኒስትሮቹ ታዲያ ያቺ ስትመጣባቸው የሚደበቁባት አንዲት አነጋገር አለቻቸው፤ «ስለ ጥያቄው አመሰግናለሁ»። ጠያቂው ይህችን አነጋገር ሲሰማ ደሙ ይፈላል። «ምስጋና ከበዛ መልስ የለም ማለት ነው» ይላል፤ እውነቱንም ነው።

የዚያን ሰሞን ነገሩ ሁሉ የንግድ ስምምነት ሆነ። መንግሥት ከአንድ ትልቅ አገር ጋር ሽርክና ሊፈራረም ነው። እነሱ የአገሩን ምርት በብዛት ሊገዙ፣ በምላሹ ኢንሱሊኑን በሙሉ እነሱ ብቻ ሊያቀርቡ፤ ሌላው አቅራቢ ሁሉ ደህና ሰንብት ሊባል። ረቂቁን ሲያነብ ጠያቂው ጭንቅ ያዘው። ለስንቱ የስኳር በሽተኛ የሚሆን መድኃኒት ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ወደብ፣ በአንድ አስመጪ እጅ! ፋብሪካው ቢቃጠልስ? ሁለቱ መንግሥታት ቢኳረፉስ? አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ሲባል አልሰሙም እንዴ እነዚህ ሰዎች?

ደግሞ ነገሩ የወረቀት ብቻ አልነበረም። ሚስቱ ጠዋትና ማታ ሆዷን እየወጋች የምትኖር ሴት ናት። ልብስ ሰፊ ስለሆነች «እኔ ከመርፌ ጋር ነው የተጋባሁት፤ አንዱ ያበላኛል፣ አንዱ ያኖረኛል፤ አንተ ጭማሪ ነህ» እያለች ትቀልድበታለች። አንድ ጊዜ መድኃኒቱ ጠፍቶ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ከአልጋዋ ሥር ተቀምጦ እጇን ይዞ፣ ያቺ ምላሰኛ ሴት ዝም ስትል ዓለም ምን ያህል ጭር እንደሚል ያየው ያኔ ነው። እሷን ከማጣት የሚፈራው ነገር የለም።

ስለዚህ ጥያቄውን ጻፈና አስገባ። ከዚያ ያደረገውን ግን ለማንም አልተናገረም።

«ይሄን ነገር ባደባባይ ሳነሳው ሰው ይደነግጣል፤ ከደነገጠ ደግሞ ይሻማል» ብሎ አሰበ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ በቀጥታ ወደ ሰፈሩ ፋርማሲ ሄደ። ባለ ፋርማሲዋ የቆየች ወዳጅ ናት። «ለተከበሩ ያልሰጠሁ ለማን ልሰጥ?» ብላ በፍሪጇ ከነበረው ኢንሱሊን አብዛኛውን አሸከመችው። ቤት እንዳይወስደው ሚስቱ ትጠይቃለች፤ እሷ ደግሞ ጥያቄ ከጀመረች የምክር ቤቱ ሁሉ ቁንጮ ናት። ቢሮው ባለችው ትንሽ ፍሪጅ ከውኃ ጠርሙሶቹ ኋላ ሸጎጠው። አልሰረቀ፣ ከፍሎ ነው የገዛው። «እንግዲህ ከራስ በላይ ነፋስ» አለና የፍሪጁን በር ገፋ አድርጎ ዘጋው።

የጥያቄው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ሚኒስትሩ ስለ ኢኮኖሚ ደህንነት፣ ስለ አቅርቦት ሰንሰለት፣ ስለ አስተማማኝ አጋርነት ረዥም መልስ አነበበ። ግማሹ አባል አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። ከዚያ አፈ ጉባኤው «ተከታይ ጥያቄ ካለ» አለ። ጠያቂው ማይክሮፎኑን ወደ አፉ ሳብ አደረገ።

«ክቡር ሚኒስትር፣ ያ አንዱ መንገድ ነገ ቢዘጋ፣ አሁን በመጋዘን ያለው እስከ መቼ ያደርሰናል?»

ስልክ የሚነካካው ሁሉ ቀና አለ። ሚኒስትሩ ወረቀቱን አገላበጠ፤ ወረቀቱ ላይ የለም። «ስለ ጥያቄው አመሰግናለሁ» አለ። «ቁጥሩን በዚህ መድረክ መግለጽ ተገቢ አይመስለኝም።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ጠያቂው ደስ አለው፤ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ደስ አለው። ስብሰባው ግን በሬዲዮ በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። «ተገቢ አይመስለኝም» የሚለው ቃል በታክሲው፣ በሱቁ፣ በጓዳው ሲገባ «የለም» ሆኖ ነው የተሰማው። ሰው ምን ያድርግ? በማግስቱ በየፋርማሲው በር ሰልፍ ሆነ።

በዚያው ዕለት ከሰዓት ጠያቂው በምክር ቤቱ ኮሪደር ሲያልፍ ሚኒስትሩ ትከሻውን ያዘው።

«አንተ ሰው፣ ትናንት እኮ ገደልከኝ!» አለው እየሳቀ። «ግን አልቀየምኩህም። የጽሑፍ ጥያቄህ ሲደርሰኝ ነው የነቃሁት። እናቴ ስኳር አለባት፤ ሰው ሳይሻማ ቀደም ብዬ አስያዝኩላት። ባለቤትህም አለባት አሉ፣ እንዴት አደረግህ?»

«እ... እሷም ተይዞላታል።»

«ጎሽ! እንዲህ ነው እንጂ» ብሎ ጀርባውን መታ አድርጎት ሄደ።

ጠያቂው እዚያው ቆሞ ቀረ። ያ «ጎሽ» ከስድብ በላይ አመመው። በምክር ቤቱ ሲሞግተው የኖረው ሰው እንደ ሽርካው ሳቀለት። ምን ብሎ ይቀየመው? በምን አፉ? ቢሮው ገባ፣ ጠርሙሶቹን ወዲያ አለና መድኃኒቱን ከበረዶ ጋር በቦርሳ ከቶ ወጣ። ቤት ወስዶ ለሚስቱ ቢሰጣት ነገሩ የሚቀለው መሰለው። የዋህ!

ሚስቱ የልብስ ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች፤ መኪናው ግን ዝም ብሏል። «እሜቴ! ባልሽ ምን ይዞ እንደመጣ ገምቺ» አለ ከበሩ።

«ግምት አያስፈልገኝም» አለች። «ከፋርማሲ መምጣቴ ነው። ሰልፉ አስፋልት ደርሷል። ባለ ፋርማሲዋ በሰው ራስ ላይ አየችኝና ጮክ ብላ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ‹እንዴ እታለም፣ አንቺ ደግሞ ምን ጎድሎሽ ተሰለፍሽ? ባለቤትሽ ባለፈው ሳምንት ወስዶልሽ የለም እንዴ!› ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።»

ጠያቂው ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች ሚስቱ። «የወሰድከው ምክር ቤት ከመጠየቅህ በፊት ነው በኋላ?»

«ላንቺ ብዬ እኮ...»

«ለማን አላልኩህም። መቼ ነው ያልኩህ።»

«በፊት» አለ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም።

የሚስቱን ቁጣ ይችለው ነበር፤ ዓይኗ ያቀረረውን እንባ ግን አልቻለውም። «ለኔ ብለህ መሆኑን አጥቼው ነው? ያቃጠለኝ እሱ ነው! በኔ ስም፣ በኔ በሽታ! እዚያ ሰልፍ ላይ ልጇን ያዘለች አለች እኮ፣ ልጁ ነው ታማሚው።» ተነስታ ቦርሳውን ከፈተች። አንዲት ብልቃጥ አውጥታ በጨርቅ ጠቀለለችና ከትንሽ በረዶ ጋር የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ይቺ ድርሻዬ ናት። በጀመርኩት ብልቃጥ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እደርሳለሁ። ሌላውን ያዝና ውጣ፤ ጫማህን አታውልቅ።»

«ኋላ ብታጪስ?» አለ ጠያቂው።

«እንደ ሰው እሰለፋለሁ።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደረሱ። «አልቋል» ቢባልም ሰልፉ አልተበተነም። ሚስቱ ሰውን እያስፈቀደች አሳለፈችው። ባለ ፋርማሲዋ ቦርሳውን አየች፣ የሁለቱን ፊት አየች፣ ገባት። «ከፍሪጅ ወጥቶ አላደረም?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችው። አለማደሩን ነገራት። እሷም ደግ ሴት ናትና ልትሸፍንለት ወደ ሰልፉ ጮኸች፤ «እሰይ፣ ከመጋዘን መጣ! ለአንድ ሰው አንድ አንድ!»

ሰልፉ ተላወሰ። ልጅ ያዘለችው እናት እንደ ትንሽ ልጅ አለቀሰች። ምርቃቱ ዘነበ። ጠያቂው ባዶ ቦርሳውን ይዞ ቆሟል፤ አሁን ዝም ብሎ ቢሄድ ማንም አያውቅበትም። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ድርሻቸውን ከተቀበሉ በኋላ እጁን ያዙት።

«የቱ መጋዘን ነው ልጄ? እህቴ ከከተማው ማዶ ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ ስትዞር ነው የዋለችው። ልደውልላትና ወደዚያ ትሂድ።» ስልካቸውን አውጥተው ቁጥሩን መፈለግ ጀመሩ።

«ስለ ጥያቄው አመሰግ...» አለ ጠያቂው።

ቃሉ ከገዛ አፉ ሲወጣ ሰማው። ሚስቱም ሰማች፤ አንገቷን ደፋች።

«መጋዘን የለም፣ አባባ» አለ። «ትናንት በሬዲዮ የጠየቀው ሰውዬ እኔ ነኝ። ከመጠየቄ በፊት ግን ይሄን መድኃኒት ከዚሁ ፋርማሲ ወስጄ ደብቄው ነበር። እህትዎን የትም አይላኳት፤ በከንቱ ትደክማለች።»

አንድ ጎልማሳ «ነውረኛ!» ብሎ ተፋ። ሽማግሌው አልተቆጡም። ስልኩን በእጃቸው እንደያዙ፣ ከልባቸው ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ጠየቁት፤ «ታዲያ ለእህቴ ምን ልበላት?»

ያን ሁሉ ሚኒስትር ሲያፋጥጥ የኖረ ሰው፣ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ሚስቱ የእጅ ቦርሳዋን ከፈተች። በጨርቅ የተጠቀለለችውን ብልቃጥ አውጥታ በሽማግሌው መዳፍ ላይ አደረገችና ጣቶቻቸውን አጠፈችላቸው።

«እንኪ ይበሏት» አለች።

ጠያቂው እጁን ሊዘረጋ፣ «ኧረ እሷስ?» ሊል ነበር። የሷ እኮ ነበረች፤ ያን ሁሉ ነውር የሠራው ለዚያች ብልቃጥ ነበር። አልዘረጋም። ሚስቱ ክንዱን ይዛ ወደ ሰልፉ ጭራ ይዛው ሄደችና ከመጨረሻዋ ሴት ኋላ ቆሙ።

ሴትዮዋ ከፊት የተባለውን አልሰማችም። ዞር አለችና «ጋሼ፣ ለኛም ይደርሰናል ብለው ነው?» አለችው።

«አላውቅም» አለ ጠያቂው።