የቢጫው ሽቦ ጉዳይ

በዚያ ቤት ውስጥ ጽሑፍ ያልተለጠፈበት ነገር ቢኖር ሰው ብቻ ነበር። አባትየው ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው ቤት መብራት ሲያስገቡ ኖረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ነጭ ፕላስተርና ወፍራም እስክሪብቶ ይዘው የራሳቸውን ቤት ተያያዙት። አንዱ ማብሪያ ማጥፊያ ላይ «ኮሪደር»፣ ጎኑ ባለው ላይ «ኮሪደር አይደለም»፣ የበሩ ደወል ላይ ደግሞ «አንኳኩ» ብለው ለጥፈዋል። ለምን ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፦ «ለሚቀጥለው ባለሙያ ነው፤ እንዳይሳሳት።» የሚቀጥለው ባለሙያ መጥቶ አያውቅም። እሳቸው ቆመው ማን ደፍሮ!

ልጃቸውን ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ሬዲዮ» ነው የሚሏት፤ አፏን ከፈተች ማለት ማጥፊያ የላትም። ሬዲዮ ከሁለት ወር በፊት የቢሮ ሥራዋን ጥላ በድምፅዋ ሠርታ ልትኖር ወጣች። መጻሕፍትን በድምፅ የሚያሳትም አንድ ድርጅት የሦስት ገጽ ናሙና ጠየቃት። ቀርጻ ላከች። አዘጋጁ እንዲህ ሲል መለሰ፦ «ድምፅሽ ግሩም ነው። ከኋላሽ ያለው ወፍጮ ቤት የማን ነው?»

ወፍጮ ቤቱ ኮምፒውተሯ ነበር። ማቀዝቀዣ ፋኑ ገና ሲበራ እንደሚነሳ አውሮፕላን ያጓራል፤ ልዩነቱ አውሮፕላን የሆነ ቦታ ማረፉ ነው። አዘጋጁ አንድ ዕድል ሰጣት፤ ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት ንጹህ ቅጂ ካልደረሰው ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። እሷም ከአንድ የኮምፒውተር ዕቃ መደብር የፋን ፍጥነት መቆጣጠሪያ ገዛች፤ የእጅ መዳፍ የምታህል ፓነል፣ አራት የሚዞሩ ቁልፎች ያሏት። «ፋኑን ከማዘርቦርዱ፣ ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ ማለቴ ነው፣ ነቅለሽ እዚህ መሰካት ነው፤ ቁልፉን ወደ ግራ ስታዞሪው ዝም ይላል፣ አለቀ» አላት ባለሱቁ።

ሰባት ሰዓት ላይ ከአባቷ ጋር ጀመሩ። ስህተቷ አንድ ነበር፦ «አባባ፣ እስክመለስ የኮምፒውተሩን ክዳን ብቻ ይፍቱልኝ» ብላ ውሃ ልትጠጣ ሄደች። ስትመለስ አባቷ ፒንሳቸውን እየጠረጉ ነው።

«ጨረስኩልሽ» አሏት።

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

«ፋኑ ጫፍ ላይ የነበረው ነጭ መሰኪያስ?»

«እሱማ የልጅ መጫወቻ ነው፤ ቆረጥኩት። እኔ ፕላስቲክ አላምንም። ሽቦ ከሽቦ ተጠማዞ በናስትሮ ሲጠቀለል ነው የሚታመነው። ይኸው ቀዩ ኮረንቲ ያመጣል፣ ጥቁሩ ይመልሳል፤ ሁለቱን ከፓነልሽ ጋር አገናኝቻለሁ። ቢጫው የመሬት ነው፤ ያፈተለከ ኮረንቲ ቢኖር እንዲሸኘው ከሳጥኑ ብረት ጋር በብሎን አሰርኩት።»

«አባባ፣ ይኼ እኮ አሥራ ሁለት ቮልት ነው። አይነዝርም።»

«አይነዝርም ሲሉ የነበሩ ስንቶቹን ቀብረናል!»

ሬዲዮ ጥርሷን ነከሰች። አባቷን «እርስዎ» እያለች ነው ያደገችው፤ በ«እርስዎ» መቆጣት ደግሞ ጓንት አጥልቆ መርፌ ውስጥ ክር እንደማስገባት ነው። «ምን አደረጉብኝ?» ስትል እንኳ ቃሉ መሃል ላይ ይለዝብባትና ምስጋና ይመስላል።

ኮምፒውተሩን አበራችው። ፋኑ ዞረ። ቁልፉን ወደ ግራ መለሰችው፤ ማጓራቱ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። አባትና ልጅ ተያይተው ፈገግ አሉ። ፈገግታቸው ሳያልቅ ኮምፒውተሩ ሦስት ጊዜ ጢጥ አለና ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ አወጣ።

«ምን አለ?»

«ፋኑ ስለማይሠራ አልነሳም ይላል።»

አባቷ ጎንበስ ብለው ፋኑን አዩት። ይዞራል። ቁራጭ ወረቀት አስጠጉለት፤ ወረቀቱ ተርገበገበ። «እየሠራ ነው!» ብለው ኮምፒውተሩ ላይ ጮኹበት፣ ጆሮው የከበደ ጎረቤት እንደሚያናግሩ። ኮምፒውተሩ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ።

አጠፉት፣ አበሩት። ያው ነው። ናስትሮ ጨመሩበት። ያው ነው። «መሬቱ ላልቶ ነው» አሉና ቢጫው የታሰረበትን ብሎን በካቻቢቴ እስኪያቃስቱ ድረስ አጠበቁት። ብሎኑ ጠበቀ፤ ጢጥታው ግን ያው ነው። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ዘጠኝ ሆነ። ሬዲዮ የምታነበውን ገጽ ይዛ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ከማልቀስና ከመሳቅ የቱ እንደሚቀድማት ትጠባበቅ ጀመር። በመጨረሻ ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ባለሱቁ ጋ ደወለች።

«ቢጫውን የት አደረጋችሁት?» አላት ገና ሳትጨርስ።

«ከሳጥኑ ብረት ጋር ታስሯል።»

ባለሱቁ ስልኩን ከአፉ አርቆ ሲስቅ ሰማችው። «እህቴ፣ ቢጫው እኮ የፋኑ ምላስ ነው! ‹እየዞርኩ ነው፣ እየዞርኩ ነው› ብሎ ለማዘርቦርዱ የሚናገርበት። እናንተ ምላሱን ጎትታችሁ ብረት ላይ ቸነከራችሁት። እሱን ብቻ ለማዘርቦርዱ መልሱለት። አልነገርኩሽም ነበር እንዴ?»

አልነገራትም ነበር። ጥላው የወጣችው ቢሮ ትዝ አላት። እዚያም ሥራው ተሠራ ወይ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ «ሪፖርቱስ?» ነበር የሚባለው። አሁን ይኼ ቆርቆሮ ነፋስ መሃል ተቀምጦ የነፋስ ሪፖርት አልደረሰኝም ይላታል። ከአለቃዋ ሸሽታ አለቃዋን ጠረጴዛዋ ላይ አገኘችው።

ወደ ክፍሉ ተመለሰች። «አባባ፣ ባለሱቁ ቢጫው የመሬት አይደለም አለ።»

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«ጢም አለው?»

«አባባ!»

«ቢጫ መሬት ነው! ከዚህ ጀምሮ እስከ ዋናው መንገድ ባለው ቤት ሁሉ ቢጫ መሬት ነው። ያስገባሁት እኔ ነኝ!» ፒንሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወደ መስኮቱ ዞሩ። «በሉ እንግዲህ፣ የተማራችሁት ሥሩት።»

የተማረችው ብሎኑን ለመፍታት አምስት ደቂቃ ፈጀባት። ቢጫውን ነጻ አወጣችው። «ያቺ የቆረጧት መሰኪያ የት አለች?» አባቷ ሳይዞሩ እጃቸውን የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ከተው አቀበሏት፤ ዕቃ ጥለው አያውቁም። መሰኪያዋ ላይ ሦስት አጫጭር የሽቦ ጭራዎች ቀርተዋል። የፋኑን ቢጫ ከመሰኪያዋ ቢጫ ጋር ልታጠማዝዝ ሞከረች፤ ሾለከባት። እንደገና ሞከረች፤ ሾለከባት። ዘጠኝ ከሃያ።

መስኮቱ ጋ ጉሮሮ ተጠረገ። ሦስተኛ ጊዜ ሲሾልክ አባቷ መታገስ አቃታቸው። «እንደሱ አይደለም! ፀጉር ነው እንዴ የምትጎነጉኚው?» ነጠቋት። በሁለት ጣት አንዴ ጠመዘዙት፣ በናስትሮ ጠቀለሉት፣ ሌሎቹን ጭራዎችም ሸፈኑና መሰኪያዋን ማዘርቦርዱ ላይ ገፋ አደረጓት። «ለሙከራ ያህል ነው» አሉ።

አበራችው። ጢጥ አላለም። ሪፖርቱ ደርሶታል፤ ተነሳ።

አባቷ ፓነሏ ጋ ቆመው ቁልፉን እንደ መሪ ያዙ። ስታነብ እስከ ዝምታ ያወርዱታል፤ ገጽ ስትጨርስ ጣቷን ታነሳለች፣ ኮምፒውተሩ እንዲተነፍስ ከፍ ያደርጉታል፤ ታወርዳለች፣ ያወርዱታል። ስታነብ እሳቸውም ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ፊታቸው እንደ ቲማቲም ቀልቶ ስለነበር ፈጠን ብላ አነበበች።

ለአሥር ሰባት ጉዳይ ሲሆን ላከችው። ከወንበሯ ሳትነሳ መልስ መጣ፦ «ወፍጮ ቤቱ ተዘጋ እንዴ? ሰኞ ውል ለመፈረም ነይ።»

«አባባ!» ብላ ዞረች።

አባቷ በተከፈተው ሳጥን አጠገብ በርከክ ብለው ነጭ ፕላስተር በጥርሳቸው ይቆርጣሉ። ቢጫው ሽቦ ላይ አጣብቀው በአውራ ጣታቸው አለሰለሱት። ጎንበስ ብላ አነበበችው። በወፍራም እስክሪብቶ፣ በጥንቃቄ፣ «ይህ መሬት አይደለም» ይላል።

ቀና ብላ አየቻቸው።

«ምን ታዪኛለሽ?» አሉ አባቷ የእስክሪብቶውን ክዳን እየፈለጉ። «ለሚቀጥለው ባለሙያ ነው፤ እንዳይሳሳት።»