ለፋይሉ የተነሳው ተረከዝ

አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ቁስል ሳጥብ ኖሬ፣ ከእኔ በኋላ የተቀጠሩት ሁሉ አለቆቼ ሆኑ። የነርሶቹ ኃላፊ ሜትሮኗ ምክንያቱን ሳትሸፋፍን ነገረችኝ።

"ሲስተር፣ እጅሽስ ወርቅ ነው። ወርቅ መሆኑን የሚመሰክርልሽ ወረቀት ግን የለሽም። የቁስል ሕክምና የብቃት ማረጋገጫውን ያዢና ነይ፤ ያኔ የቁስል ክፍሉን ከአንቺ ሌላ ለማን ልሰጠው ነው?"

ማረጋገጫው ከፈተናው ሌላ አንድ ፋይል ይጠይቃል። አንድን ቁስል ለአሥራ ሁለት ሳምንት ተከታትሎ፣ በየሳምንቱ ለክቶና ፎቶ አንስቶ ማቅረብ ነው። ሆስፒታል የሚመጣ በሽተኛ ደግሞ ትንሽ ሲሻለው ይጠፋል። እኔ ግን የማይጠፋ በሽተኛ እቤቴ ነበረኝ። አባቴ ስኳር አለበት፤ አዲስ ጫማ ተረከዙን ልጦት የሳንቲም ስፋት ያለው ቁስል ወጥቶበት ነበር።

"አባዬ፣ እግርህን አውሰኝ" አልኩት።

"ውሰጂው፤ እኔ እንደሆን ጭፈራ ትቻለሁ" ብሎ ሳቀ።

በየእሑዱ ጠዋት መስኮቱ ሥር እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ይጠብቀኛል። በጨው ውሃ አጥብለታለሁ፤ የወረቀት ማስመሪያ ከቁስሉ አጠገብ አድርጌ ፎቶ አነሳለሁ። ፎቶውን ካላየ አይለቀኝም። "ፊቴን እንዲህ አሳምረሽ አንስተሽው አታውቂም" ይለኛል። ቁስሉ ከሳምንት ሳምንት ሲጠብ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በዘጠነኛው ሳምንት የቀረችው የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ብቻ ነበረች። እዚህ ላይ የሚደረገውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ቀጭን የብረት ዘንግ ቀስ አድርጎ አስገብቶ ጥልቀቱን መለካት ነው፤ ላይ ላዩን የሚዘጋ ቁስል ውስጥ ውስጡን ሊበላ ይችላልና። ይህን የዘለለችን አንዲት ተለማማጅ ቁም ስቅሏን አሳይቻታለሁ። ዘንጉን ካስገባሁ ግን ይደማል፣ አዲሱ ቆዳ ይቀደዳል፣ ያማረው ፎቶ ይበላሻል፤ ፋይሉ ሊገባ ደግሞ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። እስቲ ዛሬን ልለፈው አልኩ። ጥልቀት በሚለው ቦታ ዜሮ ጻፍኩ። በሚቀጥለውም እሑድ ዜሮ። በአሥራ አንደኛው ሳምንት ቀዳዳዋ ተዘጋች፤ አባቴም "እሰይ የኔ ሐኪም!" ብሎ ግንባሬን ሳመኝ።

ፋይሉን ካስገባሁ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳት ያዘው። እግሩን ስነካው ይፋጃል። ተረከዙን ጫን ሳደርገው ቆዳው ተተረተረና መግል ወጣ። ሽታውን አውቀዋለሁ። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይዤው ሄድኩ።

ቀዶ ሐኪሙ ራጁን ወደ ብርሃኑ ይዞ አየና "ኢንፌክሽኑ አጥንት ውስጥ ከገባ ወር አልፎታል። ቁስሉን ያጥብለት የነበረው ማነው?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

ቀና ብሎ አየኝና ራጁን ወደ ፖስታው መለሰ። ቢሰድበኝ በወደድኩ። በማግስቱ የአባቴን እግር ከጉልበቱ በታች ቆረጡት።

ወረቀቱ የመጣው አባቴ ገና አልጋ ላይ እያለ ነው። ያሉኝ ጥቅም ሁሉ አንድም ሳይጎድል መጣ። ደረጃዬ አደገ፣ የቁስል ክፍሉ ተሰጠኝ፣ በሩ ላይ ማዕረጌ ተለጠፈ፣ ሌላ ሆስፒታል "ነርሶቻችንን አስተምሪልን" ብሎ ደብዳቤ ጻፈ። ገምጋሚዎቹ ደግሞ የአባቴን ተረከዝ ፎቶዎች ለማስተማሪያ መርጠዋቸዋል። ሜትሮኗ እልል ብላ ስታቅፈኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እውነቱን ልነግራት ሁለት ጊዜ ቢሮዋ ሄድኩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ጓንት እጥረት አውርቼ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ። ሌላ ስም የለውም።

አባቴ ቤት በገባ በሳምንቱ እህቱ ልትጠይቀው መጣች። አክስቴ አፏ ላይ የመጣውን ሳትናገር አታድርም። ብርድ ልብሱ ከጉልበቱ በታች ጠፍጣፋ ሆኖ ስታይ ወደ እኔ ዞረች።

"የቁስል ነርስ ቤት ውስጥ ተቀምጣ፣ ነገሩ እንዴት እዚህ ይደርሳል?"

አሁንስ ልናገር ነው ብዬ አፌን ከፈትኩ።

አባቴ ቀደመኝ። በክርኑ ተደግፎ ቀና አለ።

"ተይ፣ ልጄን እንዳትነኪያት! እሷ ምን ታድርግ? ያኔ ገና መች ተመረቀችበት! ያ ወረቀት ትንሽ ቀደም ብሎ ቢመጣላት ኖሮ እግሬን ታድነው ነበር።"

"እሱስ እውነትህን ነው" አለች አክስቴ፤ ንዴቷም በረደ። ሁለቱም አንድ ነገር እንድላቸው አዩኝ።

"አዎ፣ አድነው ነበር" አልኩ።