የሐር እጅ

ክሩ የተሳበው ቀሚሱ ወገብ ላይ ነበር። ርዝመቱ ከጥፍር አይበልጥም፤ ግን ነጭ ሐር ላይ ትንሽ ጭረት የሚባል ነገር የለም፣ ዓይን ሌላውን ሁሉ ትቶ እሱ ላይ ነው የሚያርፈው። የስፌት ቤቱ ባለቤት የሙሽራዋን ቀሚስ ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች፣ ከዚያ ምንም አላለችም። እትዬ መቀስ ምንም ካላለች ደግሞ የሚያዋጣው መሸሽ ነው።

እትዬ መቀስ የሚሏት በሌለችበት ነው። ፊት ለፊት "እትዬ" ብቻ ናት። መቀሷ ይበልጥ ይቆርጣል ወይስ ምላሷ የሚለው ክርክር እስካሁን አልተቋጨም።

"ማን ነው?" አለች በመጨረሻ።

ሐሪት ግራ እጇን ጭኗ ሥር ሰደደችው።

ሐሪት የሚሏት ሐር የሚሰፋበት ጠረጴዛ ላይ ስለምትቀመጥ ነው። ያን ወንበር ያገኘችው ሦስት ዓመት ሙሉ ገበር ስትሰፋ ከርማ፣ ማንም ሳያሳያት የሌሎችን እጅ በዓይኗ እየሰረቀች ነው። የሐር ጠርዝ በእጅ ነው የሚሰፋው። ቀኝ እጅ መርፌውን ይገፋል፤ ግራ እጅ ከጨርቁ ሥር ገብቶ በጣት ጫፍ እየዳበሰ መንገድ ይመራል። ስለዚህ የሐር ሰፊ ግራ እጅ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ መሆን አለበት። የሐሪት ግራ ጣቶች ግን ካለፉት አራት ወራት ወዲህ ጫፋቸው ደድሮ ተረከዝ መስሏል።

ጥፋቱ የጊታሩ ነው። የለም፣ እውነቱን እናውራ ካልን የኩራቷ ነው።

ጊታሩ የወንድሟ ነበር። ለሥራ ርቆ ሲሄድ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ሄደ። አባቷ "አቧራ ከመሰብሰብ በቀር ሥራ የለውም" ብሎ ገዢ ጠራ። ገዢው ጢሙ ገና ለመብቀል የሚያመነታ ጎረምሳ ነው፤ ክሮቹን አንዴ ነካ ነካ አደረገና "ይሄማ አልተቃኘም። እስቲ ቃኚልኝ" አላት። ሐሪት መቃኘት ምን እንደሆነ አታውቅም። ልጁ ሳቀ። ሰው ፊት አለማወቅ ለሐሪት ራቁቷን አደባባይ ከመውጣት እኩል ነው።

"አይሸጥም" አለች፣ ጊታሩን ከእጁ ነጥቃ። አባቷ አፉን ከፍቶ ቀረ።

በማግስቱ ስልኳ ላይ ቪዲዮ እያየች ክሮቹን ስታጠብቅ አንደኛው ተበጥሶ ግንባሯን ገረፋት። እንዲህ ነው የጀመረችው፣ በፍቅር ሳይሆን በእልህ። አባቷ የክሮቹን ጩኸት በሰማ ቁጥር ከጓዳ ሆኖ "ያቺ ድመት አሁንም አልሞተችም?" ይላታል። እሷ ጥርሷን ነክሳ ትቀጥላለች። ከዚያ አንድ ቀን ሦስት ጣቶቿ በየቦታቸው አረፉና ድምፁ ሳይሻክር ጥርት ብሎ ወጣ። ሐሪት ማን እንደመታው ለማየት ዞር አለች። ፍቅሩ የገባው ያኔ ነው፣ ሳያንኳኳ።

አሁን አንድ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ልትጨርስ ትንሽ ቀርቷታል። እና አሁን ክር ተሳበ።

"ካውያሽ ነው!" እትዬ ወደ ልብስ ተኳሿ ዞረች። ካውያ እያሉ የሚጠሯት የሦስት ልጆች እናት ናት።

"እርስዎ ይሙቱ እትዬ፣ ዛሬ ጠዋት ነው የወለወልኩት!"

"እኔን ምን ይገድለኛል፣ ካውያሽን አሳዪኝ።" ብረቱ ላይ ሁሉም የሚያውቀው አሮጌ ጭረት አለ። እትዬ በጥፍሯ ፈተሸችው። "ነገ ጠዋት ካውያውም የሁላችሁም እጅ በሐር ቁራጭ ይፈተናል። ክሩን የሳበው በሩን ያገኘዋል። ሙሽራዋ ዓርብ ትመጣለች፣ እኔ ለሷ ጭረት አልሸጥም።"

አመሻሹ ላይ ሐሪት የተረከዝ ድንጋይ ይዛ ጣቶቿን ፈገፈገች። ዘይት ቀባች፣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከረች፣ እንደገና ፈገፈገች።

"ምነው፣ ልትልጪያቸው ነው?" አለ አባቷ።

"ተወኝ አባዬ።"

ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ የመጣችውን የሐር ብጣሽ በጣቷ ላይ ጎተተችው። ያዘ። በመፈግፈጓ ቆዳው ተሸራርፎ ጭራሽ ብሶበታል። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣባት፣ አስቀያሚ ሐሳብ፦ ካውያው ጭረት አለው። መጀመሪያ እሱ ከተፈተነ እጅ የሚያይ አይኖርም። ይህን እያገላበጠች አደረች።

ጠዋት እትዬ የጀመረችው ከካውያው ነው። ሐሩ በብረቱ ላይ ሲያልፍ ጭረቱ ጋ ደርሶ ያዘ።

"ዕቃሽን ሰብስቢ።"

ካውያ አልጮኸችም። ሽርጧን መፍታት ጀመረች፤ ቋጠሮው እምቢ አላት። ሐሪት ያን ቋጠሮ እያየች ቆየች። ያ ቋጠሮ ቶሎ ተፈትቶ ቢሆን ኖሮ ትናገር እንደሆን እንጃ።

"እኔ ነኝ" አለች።

"ምኑን ነሽ?"

ግራ እጇን ዘረጋች። እትዬ ሐሩን ጣቶቿ ላይ አሳለፈችው፤ በአራቱም ላይ ተንጠለጠለ።

"ምን ነክቶሽ ነው? ድንጋይ ስትፈልጪ ነው የምታመሺው?"

"ጊታር እጫወታለሁ።" ቃሉን ከቤት ውጭ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር። ከኋላ አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ።

እትዬ የሐር ቁራጩን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። "ቀሚሱን እኔ እጠግነዋለሁ" አለች። "አንቺ ሁለት ሳምንት ገበር ትሰፊያለሽ። ከዚያ ይሄን እጅ አየዋለሁ። ክር ከያዘ ወንበሩ የሌላ ሰው ነው። ጊታርሽን የት እንደምትሰቅዪው ታውቂያለሽ።"

ካውያ ሽርጧን መልሳ እያሰረች በአጠገቧ አለፈች። "ቀበጥ! ልታስፈጂኝ ነበር" አለቻት፤ ጥቂት ሄዳ ዞር ብላ፣ "ዘይቱን ትተሽ ቫዝሊን ተቀቢ።"

አምስት ቀን ጊታሩ ግድግዳው ላይ ከረመ። ሐሪት እራት ስትበላ ጣቶቿ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሳታዛቸው ቦታቸውን ይፈልጋሉ። ዘፈኑ በየቀኑ ከጭንቅላቷ ትንሽ ትንሽ እየተሸረፈ ሲሄድ ይሰማታል፤ ማቆሚያም የላትም። በስድስተኛው ቀን ወፍራም ገበር ስትሰፋ ቀኝ እጇን ልብ ብላ አየችው። መርፌ ሲገፋ የኖረ፣ የተወጋጋ፣ የደረቀ እጅ። ይሄን እጅ ማንም ለስልስ ብሎት አያውቅም።

እቤት ገብታ ስድስቱንም ክሮች ፈታች። የታችኛውን ወደ ላይ፣ የላይኛውን ወደ ታች አድርጋ ዳግም አሰረቻቸው፤ ጊታሩን ገልብጣ ታቀፈችው። እስካሁን ግራ እጇ አንገቱ ላይ ይጫናቸው የነበሩትን ክሮች አሁን የሚጫነው ቀኝ እጅ ነው። ግራው ከክር እንዳይነካካ ከፕላስቲክ ክዳን ቆርጣ ባዘጋጀቻት ቁራጭ ይመታል።

"ገልብጠሽ ያዝሽው እኮ!" አለ አባቷ።

"አውቃለሁ።"

"ያ ሁሉ አራት ወርስ?"

ሐሪት ጣቶቿን ጫነችና መታችው።

አባቷ ጥቂት አዳመጠና ተነፈሰ። "ድመቷ ተመልሳለች።"

በአሥራ አራተኛው ቀን እትዬ ሐሩን ይዛ ጠረጴዛው ዳር ቆመች። የሐሪት ግራ እጅ ቆዳ ተልጦ አዲስ፣ ቀላ ያለ ሆኗል። ሐሩ ጣቶቿ ላይ አለፈ፤ አልያዘም። ሐሪት ትንፋሿን ልትለቅ ስትል፣

"ቀኝሽን" አለች እትዬ።

አራት ቀጫጭን ጉድጓዶች በአራቱ ጣቶች ጫፍ ላይ። አመልካች ጣቷ ውኃ ቋጥሯል። እትዬ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቀለች።

"ገለበጥሽው?"

"ገለበጥኩት።"

እትዬ ምንም አላለችም። ሐሪት በሩን አየች።

"ይሄ እጅ ሐር ሲነካ ካገኘሁት፣ በጊታርሽ ነው የምመታው።"

"መርፌ ብቻ ነው የሚነካው፣ እትዬ።"

አዲስ ቀሚስ ጭኗ ላይ ወደቀላት። መርፌውን ስትይዝ ውኃ የቋጠረው ጣቷ እንባዋን አመጣው፤ ማንም እንዳያይ አቀረቀረች። ግራ እጇን ከሐሩ ሥር አስገብታ፣ የሚያዝበትን ቦታ እየጠበቀች፣ የመጀመሪያውን ስፌት ወጋች። አልያዘም። ሁለተኛውን ወጋች።

ጠርዙ አራት ሜትር ነበር።