ከመርፌው ስር የቀረው ሱሪ

ባሌ ልብስ ሰፊ ነበር። ለምሳ ሲወጣ የጀመረውን ልብስ ከመርፌው ስር አያነሳም፤ «ጨርቁ እዚያ ካለ እመለሳለሁ ማለት ነው» ይላል። አንድ ቀን የሱሪ ስፌት ጀምሮ፣ ጉልበቱ ላይ አድርሶ ወጣ። መንገድ ላይ ልቡ ቀጥ አለችና በዚያው ቀረ። እኔ ሞኟ ታዲያ ጨርቁን አላነሳሁም፤ የስፌት መኪናውን እንደነበረ አንሶላ አልብሼ ተውኩት። ካነሳሁት አይመለስማ!

ከዚያ ወዲህ በእጅ መርፌ ቁልፍ እየተከልኩ፣ ጠርዝ እያጠፍኩ እኖራለሁ። ጓዳ ገብቼ ዕቃ ሳጥብ ፊት ለፊት ክፍል ውስጥ ፔዳሉ ይረገጣል። ጠክ ጠክ ጠክ። ስወጣ ዝም። አንሶላው እንኳ ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ ፈራሁ፣ ኋላ ለመድኩት፣ ከዚያማ ሳልሰማው ስውል ይከፋኝ ጀመር። ለማን ይነገራል? አበደች ይሉኛል።

እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ተንበርክኬ «ጌታዬ ሆይ፣ አንድ በር ክፈትልኝ» እላለሁ። ከፈተልኝም። ቤተ ክርስቲያናችን ለሴቶች ስፌት ማስተማሪያ ክፍል አዘጋጀና አስተምሪ አሉኝ። ወሬውን ይዘው የመጡት የባሌ ታላቅ እህት፣ እትዬ ናቸው።

«መኪናሽን ግን ይዘሽ ነው የምትመጪው። ዛሬ ካልወሰድነው ሌላ ሰው ይቀጥራሉ» አሉ።

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«የወንድምዎ ሥራ አለበታ!»

የእትዬ ምላስ ምላጭ ነው። «አንቺ ሴት፣ በር ክፈትልኝ እያልሽ ጌታን ስትነዘንዢው ከርመሽ፣ ሲከፍትልሽ ከውስጥ ትቀረቅሪያለሽ? ይኼ ጸሎት ነው ወይስ ቀልድ?»

ደሜ ፈላ። «እርስዎ ወንድምዎን ረሱት፤ እኔ አልረሳሁትም!» ብያቸው ሻይ ልጥድ ጓዳ ገባሁ። እየተቆጡ ተከተሉኝ። ይኼኔ ጀመረ። ጠክ ጠክ ጠክ።

የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ዞር ብዬ ሳያቸው የእትዬ ፊት ዐመድ መስሏል።

«ይሰማዎታል?»

«በመጣሁ ቁጥር እሰማዋለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያበድኩ መስሎኝ ዝም አልኩ እንጂ።»

ተያይዘን ወጣን። ዝም። አንሶላውን ገለጥኩት። በስመ አብ! ሱሪው አሁንም ከመርፌው ስር ነው፤ ስፌቱ ግን ጉልበቱን አልፎ፣ ወርዶ ወርዶ ጫፉ ጋ ደርሷል። ክሩም በጥርስ ተበጥሷል። መቀስ አጠገቡ እያለ በጥርስ መበጠስ የሱ አመል ነበር፤ ስንቴ ተቆጥቼዋለሁ!

«ጨርሰሃል?» ብዬ ጮህኩበት፣ እንባዬ እየወረደ። «ጨርሰህ ከሆነ ታዲያ አትናገርም?»

«ሲናገር አይደል እንዴ የከረመው» አሉ እትዬ። እሳቸውም ያለቅሳሉ። «የለቀቀ እሱ፣ ያልለቀቅሽ አንቺ። በይ መኪናውን ያዢ በዚያ በኩል።»

መጀመሪያ ጨርቁን የሚጫነውን ብረት አነሳሁት። ሱሪው ተንሸራቶ እጄ ላይ ወደቀ። ይሞቅ ነበር።

ዛሬ አስተምራለሁ። ክፍሉ ሙሉ ሴቶች ፔዳል ሲረግጡ፣ አንዳንዴ ማስተማሬን ትቼ ጆሮዬን አቀናለሁ። ሁሉንም በአረጋገጣቸው ለይቼ አውቃቸዋለሁ። የሱ ግን የለበትም።