የአንገትጌው ቁጥር

በዚህ የሕፃናት ማሳደጊያ ልብስ አጣቢ ነኝ፤ ሥራውን ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ። የሠላሳ አራት ልጆችን ልብስ፣ አንሶላና ፎጣ አጥባለሁ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጡትን በጎ ፈቃደኞች ደግሞ እችላለሁ። ከሁለቱ የቱ ይከብዳል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው፣ አንሶላ ቢያንስ ካላቀፍኩሽ አይልም።

ሲመጡ ልጆቹ ተሰልፈው መዝሙር ይዘምሩላቸዋል። ሲሄዱ ልጆቹ ያለቅሳሉ። በመሀል ግድግዳ ይቀባሉ። የመመገቢያ አዳራሹ ግድግዳ እኔ ሳውቀው ብቻ ስድስት ጊዜ ተቀብቷል፤ የጸሎት ቤቱ ጣሪያ ግን ዛሬም ያፈሳል። ጣሪያ ላይ ሆኖ ፎቶ መነሳት አይመችም መሰለኝ።

ይቺኛዋ ከሁሉም ባሰችብኝ። ቋንቋችንን አንድ ዓመት ሙሉ ተምራ ስለመጣች እንደ ሌሎቹ በምልክት ብቻ አትገላገላትም፤ ታወራለች። የመጣች ዕለት ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ድረስ መጥታ «እትዬ፣ ምን ላግዝዎት?» አለችኝ።

«ከደጃፌ ገለል በይልኝ፣ እሱ ይበቃኛል» አልኳት።

ሳቀች። ይበልጥ አንጨረጨረችኝ። «ሁለተኛ እዚህ ክፍል እግርሽን እንዳላይ» ብዬ ቁርጡን ነገርኳት። ፊቷ ቀላ፤ እሺ ብላ ሄደች፤ ከዚያ በኋላም ምንም ነገር ልትጠይቀኝ አልመጣችም። እኔም ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ።

በየልጁ ልብስ አንገትጌ ውስጥ በቀይ ክር የተሰፋ ቁጥር አለ። የሰፋሁት እኔ ነኝ። እዚህ ቤት እከክ ይመላለሳል፤ ሠላሳ አራት ልጅ ተደራርቦ በሚተኛበት ቤት መቼም ይህ አይቀርም። የታመመውን ልጅ ልብስ ለይቼ በበርሜል እቀቅላለሁ፣ የጤነኞቹን በቀዝቃዛ ውሃ አጥባለሁ። የማን ልብስ የት እንደሚገባ የሚነግረኝ ያ ቁጥር ነው። ሞግዚቶቹ ልብስ እንዳይለዋወጥ የተሰፋ ይመስላቸዋል። ጠይቆኝ የሚያውቅ ስለሌለ እኔም ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያ ሰሞን እከክ የነበረባቸው አራት ቁጥር፣ ዘጠኝ ቁጥርና ሃያ ሁለት ቁጥር ነበሩ። አሥራ ሰባት ቁጥር ገና መዳኗ ነው።

አሥራ ሰባት ቁጥር ፌንጣ ናት። ስሟን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ የስድስት ዓመት ልጅ ሆና መራመድ የሚባል ነገር አታውቅም፣ ዝላይ ብቻ። እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗል። አክስቷ ልትወስዳት ቆርጣለች፤ ግን የሦስት ሳምንት ሕፃን ታቅፋለች። «እከኩ ይልቀቃት እንጂ የእህቴን ልጅ ጥዬ አልሄድም» ብላ ነበር። ባሏ ሩቅ ቦታ ሥራ አግኝቶ እሁድ ጓዛቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። ፌንጣን የምትወስዳት ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ካለፈ አለፈ።

ሐሙስ ሐሙስ የምትመጣው ነርስ የፌንጣን ጣቶች አንድ በአንድ ገልጣ አይታ፣ ድናለች ብላ ወረቀት ጻፈችላት። ልጅቷ ወረቀቱን በብብቷ ሸጉጣ እየዘለለች መጣች።

«እትዬ፣ ቅዳሜ ነገ ወዲያ ነው?»

«የሚመጣው ሳምንት ነው። ባልዲዬ ላይ አትዝለይብኝ!»

«ስንት ቀን ይቀራል?»

«ዘጠኝ። አሁን ውጪልኝ።»

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራዬ ስገባ አንዱን ሸሚዝ አነሳሁ፤ አንገትጌው ባዶ ነው። የመርፌ ቀዳዳ ብቻ። ሌላ አነሳሁ፣ እሱም ባዶ። ክምሩን ሙሉ ገለበጥኩት። ስድስቱ ላይ ትንንሽ አበባ ተጠልፏል፤ ሌላው ሁሉ ራቁቱን ነው። ሸሚዙን እንደያዝኩ ወደ ግቢው ወጣሁ። እንግዳዋ ከቤቱ ኃላፊ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«አዩት እንዴ፣ እትዬ?» አለችኝ፣ አፌን ሳልከፍት። «ቅዳሜና እሁድ ቁጭ ብዬ ቁጥሩን ፈታሁት። ልጆች እኮ ናቸው፣ እስረኞች አይደሉም። ቀስ እያልኩ የየልጁን ስም ከነአበባው እጠልፍበታለሁ።»

ኃላፊዋ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እንዴት ያለ ልብ ነው!» አለች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «እኛ በአሥራ አንድ ዓመት ያላሰብነውን።»

ደሜ ፈላ። አሥራ አንድ ዓመት እጄ በሳሙና ሲላጥ አንድ ቀን ዓይኗ እንባ አላቀረረም። «ቁጥሩ የታመመውን ልብስ መለያ ነው» ማለት እችል ነበር። ይህን ለመናገር ምንም አይፈጅም። ወይም ሁሉንም ልብስ ደርቤ መቀቀል እችል ነበር፤ ሁለት ቀን እሳት ስማግድ ወገቤ ይቆረጣል እንጂ ከዚህ በፊትም አድርጌዋለሁ። ሁለቱንም አላደረግሁም።

«ያምራል» አልኩና ተመለስኩ።

ትየው አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ ሙሉ ይፎክታል፤ ያን ጊዜ አበባዋን ታቅፋ ሻንጣዋን ታነሳለች። ፌንጣን ረሳኋት ብል ውሸት ነው። አሰብኳት። እስከ ቅዳሜ ምን ይይዛታል፣ እሷ እንደሆነች ሄዳለች ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ከዚያ የጤነኛውንም የታመመውንም ልብስ ቀላቅዬ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። እያንጎራጎርኩ ነበር የማጥበው።

ማክሰኞ በጸሎት ሰዓት ኃላፊዋ ስለ እንግዳዋ እግዚአብሔርን አመሰገነች። አሜን አልኩ።

ዓርብ ፌንጣ እጇን እየፎከተች መጣች። ገለጥ አድርጌ እንኳ ሳላየው «ትንኝ ነው» አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት አክስቷ መጣች፤ ሕፃኑን በደረቷ ታቅፋ፣ አዲስ ቀሚስ በፌስታል አንጠልጥላ። ሞግዚቶቹም እንግዳዋም ሊሸኙ ወጥተዋል። ፌንጣ ከኮሪደሩ ጫፍ ጀምራ እየዘለለች ሄዳ ወረቀቷን ሰጠቻት። አክስቷ አነበበችና ሳቀች፤ ልትስመው የልጅቷን እጅ አነሳች። በጣቶቿ መሀል የቀላ ሽፍታ ነበር።

ወረቀቱን አየች፣ እጁን አየች፣ ሕፃኑን አየች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ፌንጣ መዝለሏን አቆመች።

«ትንኝ ነው» አለች ልጅቷ። «እትዬ ትንኝ ነው ብለውኛል።»

አክስቷ ወደ እኔ ዞረች። «እውነት ነው እህቴ? ትንኝ ነው?»

ሕፃኑ ተኝቷል፤ ጡጫው የአውራ ጣቴን አያህልም።

«አይደለም» አልኩ።

አክስቷ እያለቀሰች «ስንደላደል እመጣለሁ፣ የእህቴ ልጅ፣ ስንደላደል እመጣለሁ» አለች። ሳትስማት፣ ፌስታሉን ወንበር ላይ አስቀምጣ ሄደች። ፌንጣ በሩ ከተዘጋ በኋላም ቆማ ታየው ነበር።

ኃላፊዋ እንዴት ሊሆን ቻለ ብላ ጮኸች። ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ። ቁጥሩ ለምን እንደነበር፣ የትኛው ልብስ እንደሚቀቀል፣ ክሩ ሲፈታ ምን እንደተቀላቀለ በሰው ሁሉ ፊት አንድ በአንድ ዘረዘርኩት። እንግዳዋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ ያደረግሁት።» ማንም ዞር ብሎ አላያትም። የተመኘሁትን አገኘሁ። መቼ እንዳወቅሁ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም እጠየቃለሁ ብዬ አልጠበቅሁም።

ከሰዓት በኋላ ፌንጣ ቅባት ልትቀባ ወደ እኔ ክፍል መጣች። እየተራመደች ነበር የመጣችው። የተገለበጠ ባልዲ ላይ አስቀምጬ በጣቶቿ መሀል እቀባት ጀመር።

«ጠላኋት፣ እትዬ» አለች። «አበባዋንም ጠላሁት።»

ከቅባቱ ትንሽ ጨመርኩ።

«እርስዎ ቢያውቁ ኖሮ ልብሴን ይቀቅሉልኝ ነበር፣ አይደል?»

«አዎ፣ የኔ ልጅ» አልኳት።

ሌላኛውን እጇን ዘረጋችልኝ።