በግንቦት የደረቀ ስንዴ

ያን ስንዴ የገደልኩት እኔ ነኝ። በእጄ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዛላው ወጥቶ ሳለ።

በእንግሊዝ አገር ሱፎክ ውስጥ፣ በካችፖል ቤተሰብ እርሻ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ሽማግሌው ስታንሊ እርሻውን ለሴት ልጃቸው ለሄዘር ካስረከቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ቢሆንም ማሳውን ሳይዞሩ የጠዋት ሻይ አይጠጡም ነበር። በዚያ ግንቦት ግን የዳሌ አጥንታቸው በቀዶ ጥገና ተቀይሮ እህታቸው ቤት ተኝተው ነበር።

አንድ ጠዋት ሄዘር የአረም መድኃኒት መርጫው ጋ መጣችና፣ “ክሊፍ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለውን ማሳ ርጨው” አለችኝ።

“በምን?”

“በግላይፎሴት።”

ግላይፎሴት ስንዴ፣ ሣር ሳይል ያገኘውን ሁሉ የሚያደርቅ መድኃኒት ነው። “ዳር ዳሩን ማለትሽ ነው?”

“አሥራ አንዱንም ሄክታር።”

ሳቄ መጣ። “አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ደህና አላደርሽም መሰለኝ።”

አልሳቀችም። “ና እየው” ብላ ይዛኝ ሄደች።

ከመንገዱ ሲያዩት ያማረ ስንዴ ነው። ውስጡ ስንገባ ግን ጥቁር ሙጃ የሚባለው አረም ከስንዴው በላይ ቀጭን ጭራውን አቁሞ፣ እግር ማሳረፊያ እስኪጠፋ ሞልቶታል። ማረስ ትተን በቀጥታ ገለባው ላይ መዝራት ከጀመርን ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። አፈሩ ለስልሷል፣ የምድር ትሉ በዝቷል። የሙጃው ዘር ግን ወደ ታች የሚቀብረው ማረሻ ስለሌለ እላይ ይቀርና ስንዴ በሚዘራበት በየመኸሩ አብሮት ይበቅላል። ስንዴውን ሳይነካ ሙጃውን ብቻ እንዲገድል በየዓመቱ የምንረጨው ሌላ መድኃኒትም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፈጀው፤ ያልሞተው ተረፈና የማይሞት ወለደ።

“ለምርመራ ልኬው ነበር” አለች ሄዘር። “ከመቶው ዘጠና አራቱ መድኃኒቱን ጠጥቶ አልሞተም።”

ያን መድኃኒት በየዓመቱ የምረጨው እኔ ነኛ!

“በአሥር ቀን ውስጥ ዘሩ ይረግፋል። ከዚያ ኮምባይነሩ ለሌሎቹ ማሳዎች ያዳርሰዋል። ስንዴውን ካልገደልን እሱን አንገድለውም።”

“አባትሽ ያውቃሉ?”

“ጋኑን ሙላ” ብላ ወደ መርጫው አመራች።

ረጨሁት። ስንዴ እንዲያድግ ስደክም የኖርኩ ሰው፣ ወደ ኋላዬ ሳላይ ትራክተሩን ነዳሁ። ከሳምንት በኋላ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ የኛ ማሳ ብቻ እንደ ጉበት በሽተኛ ቢጫ ሆነ። ጎረቤታችን ገበሬው ዴሪክ መኪናውን አቁሞ፣ “ክሊፍ! የመድኃኒቱን ጋን ሳታጥብ ሞላኸው እንዴ? መነጽር ልግዛልህ?” እያለ ጮኸብኝ።

ስታንሊ የመጡት ከረጨሁ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። የእህታቸው መኪና የማሳው መግቢያ በር ላይ እንደቆመች በሁለት ምርኩዝ ወረዱና ማሳውን አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሊወድቁ ነው ብዬ ሮጥኩ።

“ክሊፍ” አሉ። “ተሳስተህ ነው አይደል? ጋኑ ተምታቶብህ ነው። ተሳስቼ ነው በለኝ፣ አልቆጣህም።”

“አለቃ፣ እኔ...”

“አልተሳሳተም” አለች ሄዘር ከኋላዬ። “ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ።”

“ዛላ ያወጣ ስንዴ?”

“አዎ።”

“እናትሽ ይህን ሳታይ መሞቷ በጀ!”

ሄዘር በጥፊ የተመታች ያህል ወደ ኋላ አለች። የምርመራውን ወረቀት ዘረጋችላቸው፤ አላዩትም። ምርኩዛቸውን እየተከሉ ማሳው ውስጥ ገቡና የደረቀ ሙጃ ነቅለው ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ሲናገሩ እኛን አላዩንም።

“እዚሁ በሩ ጋ ነበር። ማረስ በተውን በመጀመሪያው በጋ። የገበታ ጨርቅ የምታህል ቦታ። በእጄ ነቅዬ ልጨርሳት እችል ነበር።”

“ምኑን?” አለች ሄዘር።

“ሙጃዋን። ዴሪክና ሌሎቹ ጎረቤቶች፣ ‘ማረሻውን ሰቅሎ አረም አበቀለ’ እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ስነቅል እንዳያዩኝ ብዬ አለፍኳት። መድኃኒቱ ይጨርሳታል አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም።”

ሄዘር እጇን አፏ ላይ አደረገች። “ዘጠኝ ዓመት ሙሉ? እኔ እኮ ክሊፍ ነው ያመጣብን ብዬ... ኮምባይነሩን ሳያጥብ ከሌላ እርሻ ዘሩን ይዞ...”

“እኔ?” አልኩ።

ፊቷ ቀላ። ስድስት ዓመት አብራኝ ሻይ ስትጠጣ በልቧ እየከሰሰችኝ ኖሯል። እዚያው የደረቀው ስንዴ ላይ ቁጭ አልኩ።

በዚያ መኸር ምንም አልዘራንም። ሙጃው ሲበቅል ገደልነው፤ እንደገና በቀለ፣ እንደገና ገደልነው። ስንዴውንም ትተን፣ የሙጃው መብቀያ ወቅት ካለፈ በኋላ፣ በመጋቢት ገብስ ዘራን። ሄዘር ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ተቀበልኳት፤ ግን እንደ ድሮው ለመሳሳቅ አንድ ዓመት ፈጅቶብናል። አባትና ልጅ እስከ ገና ድረስ የተነጋገሩት ስለ አየሩ ብቻ ነው።

ሙጃው ዛሬም አልጠፋም። ባለፈው በጋ ከዚያ ማሳ በእጃችን ሁለት ጆንያ ነቅለናል። ስታንሊ በአንድ ምርኩዝ ከፊታችን ይሄዳሉ፤ ዴሪክ መንገዱ ላይ ቆሞ እያያቸው እንኳ፣ “ሄዘር! እዚህም አንድ አለ!” እያሉ ይጮኻሉ።